አልቦ ተረክቤአለሁ

ሙግት ይቀንሳል ተብሎ አንድ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ እንዲኖረው ከተደነገገ ሦስት ዓመት ሆነው። ሙግቱ እንዳለ ነው፤ የቀነሰው ፍቺው ነው።

የትምወርቅ የእናቷን ኑዛዜ ለመስማት ውርስ ቢሮ ስትገባ አንባቢው ማሽን «ለልጄ ለየትምወርቅ፣ አልቦ» አለ። እንደ ሕጉም ፍቺውን አስከተለ፦ «ምንም።»

«ምንም አይደለም፣ አልቦ ነው» አለች። «እናቴ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ከእግሯ ያልተለየው የብር ጌጥ።»

ጸሐፊው አቶ ገብረየስ መነጽራቸውን አወለቁ። «አውቀዋለሁ ልጄ፣ እናቴም ነበራት። ግን ግዕዙ ‹አልቦ› ማለት ‹የለም› ነው። ሁለቱ ፍቺዎች ተሟገቱና ጌጡ ተረታ። የሒሳብ አስተማሪዎች ለዜሮ ፈልገውት ነበር።»

«ዕቃውስ?»

«እዚህ መሳቢያ ውስጥ ነው። ወራሽ ስለሌለው ነገ ይቀልጣል።»

የትምወርቅ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው ማሽኑን በጎን አይተው አንድ ወረቀት ገፋ አደረጉላት።

«‹አልቦ ተረክቤአለሁ› ብለሽ ፈርሚ። እሱ ምንም አልወሰደችም ብሎ ይመዘግባል። እኔም አልዋሸሁ፣ አንቺም አልዋሸሽ።»

ፈረመች። ማሽኑ ስለ ትብብሯ አመሰገናት።

ቤት ስትደርስ የሰባት ዓመት ልጇ ጌጡን እግሯ ላይ አጥልቃ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ እያቃጨለች ተመላለሰች።

«እማዬ፣ ይሄ ምን ይባላል?»

«አልቦ።»

ልጅቷ ቆም ብላ እግሯን አየች።

«ሲያሳዝን» አለች። «ስም እንኳን አላወጡለትም።»