አልለሰልስ ያለው ኬክ

የታናሽ እህቴን የሠርግ ኬክ እኔ እሠራለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬአለሁ። ነጩን የስኳር ሊጥ ዳምጬ ኬኩን ሳለብሰው ግን መሀሉ ላይ ጣት የምታህል እብጠት ብቅ አለች። አየር ነው ብዬ በመርፌ ወጋኋት፤ በመዳፌ ዳበስኳት። ዞር ከማለቴ ተመልሳ አበጠች፤ ያውም ጎረቤት ጨምራ።

"አንተ ሰውዬ፣ ነካክተኸዋል እንዴ?" ብዬ ባሌ ላይ ጮህኩ።

"እኔ ምን በወጣኝ! ሸሚዜን እየተኮስኩ አይደል?" አለ ከሳሎን።

ደሜ ፈላ። ሊጡን ገፍፌ ጣልኩት። ከሥሩ ያለው ክሬም ለጥ ያለ ነው፤ ጭረት እንኳ የለውም። ሌላ ዳምጬ አለበስኩት። አሁን አምስት እብጠቶች ጎን ለጎን ወጡ።

እህቴ ደወለች። "እትዬ፣ ኬኩን የሚወስደው መኪና በራችሁ ላይ ደርሷል። አልጨረስሽም እንዴ?"

"ጨርሻለሁ አልኩሽ!" ብዬ ዘጋሁባት።

በንዴት መዳፌን ዘርግቼ ሊጡን ከዳር እስከ ዳር ማለስለስ ጀመርኩ።

"ኧረ ቀስ በይ፣ ታፈርጪዋለሽ" አለ ባሌ፣ በሩ ላይ ቆሞ።

እጄን ወደ ቀኝ ሳንሸራትት ከሥር የሆነ ነገር አብሮኝ ተንሸራተተ። ወደ ግራ ስመለስ አብሮኝ ተመለሰ።

የእኔ እጅ ቆመ። የሥሩ እጅ ግን ማለስለሱን አላቆመም።