እትብቱን የቆረጠች

«ሰው ካላገኘን አለቀልን፣ እናቴ» ይላል ወጣቱ ጠበቃ። «የልጅዎ የእጅ ራጅ አስራ አራትም አስራ አምስትም ሊሆን ይችላል ነው የሚለው። አስራ አምስት ከተባለ እንደ አዋቂ ይፈረድበታል። ሲወለድ አጠገብዎ የነበረ ሰው የለም?»

ልብስ ሰፊዋ ታውቃለች፤ ልጇ የተወለደው ነፋስ ጣሪያ በገነጠለበት ዕለት ነው፤ ድርጊቱን የፈጸመ ቀን አስራ አምስት ሊሞላው ሁለት ወር ይቀረው ነበር። የእናት ቃል ግን ያደላል ተብሏል።

«አለች» ትላለች።

በአገጯ ከችሎቱ በር ፊት ወዳለው አግዳሚ ሌላኛው ጫፍ ትጠቁማለች። እዚያ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ናት፤ የልብስ ሰፊዋ ልጅ የደፈራት የትንሿ ልጅ እናት።

ጠበቃው መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል። ንጹሕ ነበር።

በአንድ ግድግዳ ተለያይተው እሳት እየተጫጫሩ የኖሩ ናቸው። አንዷ ስታስል ሌላዋ «ይማርሽ» ትል ነበር፣ በግድግዳው በኩል። ከዚያ ቀን ወዲህ ማዶው ጭር ብሏል። ልብስ ሰፊዋም የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፍናዋለች፤ ኳኳታው አሳፍሯት።

ተነስታ ጎረቤቷ አጠገብ ትቆማለች።

«እህቴ።»

«እህቴ አትበይኝ።»

«እሺ።»

«ሰምቻለሁ። ያ ጠበቃሽ ማንሾካሾክ እንኳ አያውቅበትም።» ጎረቤቷ የገዛ እጆቿን ነው የምታየው። «አላስታውስም ብል ማን ያስገድደኛል?»

«ማንም።»

«እትብቱን የቆረጥኩት በነዚህ ነው። አላለቅስ ሲል ዘቅዝቄ ጀርባውን የመታሁት በነዚህ ነው። ባልመታው ኖሮ እላለሁ። ሲነጋም ሲመሽም፣ ባልመታው ኖሮ።»

ልብስ ሰፊዋም ይህንኑ አስባ ታውቃለች። ለማንም አልተነፈሰችም።

የችሎቱ በር ይከፈታል። «የዕድሜ ምስክር አላችሁ?» ይላል ብቅ ያለው የችሎት አስተናጋጅ።

ጠበቃው ወደ መሬት ያያል። ጎረቤቷ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ትነሳለች።

«አለሁ።»

ጠበቃው ተከትሏት ይገባል። ልብስ ሰፊዋም ልትከተል ስትል አስተናጋጁ በእጁ ይመልሳታል። «እርስዎ እዚሁ ይቆዩ።» በሩ ይዘጋል።

ኮሪደሩ ውስጥ ብቻዋን ናት። ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው፤ ጆሮዋን ታስጠጋለች። መጀመሪያ የወንበር መንቋቋት፣ ቀጥሎ ሳል። ሳሉን ታውቀዋለች። «ይማርሽ» ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ትነክሳለች።

«የተወለደው ያ ነፋስ የሰፈሩን ጣሪያ የገነጠለ ዕለት ነው» ይላል ከግድግዳው ማዶ ያ ድምፅ። «ጎህ ሲቀድ።»