የመምህር ሚሊዮን የድንጋይ መረጣ

የፊዚክስ መምህሩ ሚሊዮን ፈሪ ነው። ይህን ከማንም በፊት ራሱ ያወራዋል። «ፈሪ ለእናቱ ነው፤ የእኔዋ እናት ደግሞ ታድላለች» ይላል እየሳቀ።

አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ያገለገለ ቴሌስኮፕ ሲልክለት ግን ደፈረ። ጂግጂጋ የተከራየው ቤት ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው። መግሪብ ከተሰገደ በኋላ እዚያ እየወጣ አንድ አስትሮይድ፣ በማርስና በጁፒተር መካከል ከሚዞሩት ድንጋዮች አንዱን፣ በዓይኑ ሊያይ ቆረጠ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ምኞት አልነበረውም ቢባል ውሸት አይሆንም።

ምርጫው በደንቡ ከሄደ ቀላል ነው። ደመቅ ያለውን፣ በጊዜ የሚወጣውን መርጦ፣ ከከዋክብቱ መሀል በየማታው ቦታዋን የምትቀይረውን ነጥብ መለየት ነው። ከሁሉም የደመቀችው ቬስታ ነበረች።

በመጀመሪያው ቀን ጎረቤቱ ዳሂር በመሰላሉ ወጣ። ጥቁር መነጽር፣ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ለስላሳ ድምፅ። ሥራው ምን እንደሆነ በሰፈሩ የሚጠይቅ የለም።

«መምህር፣ ይሄ ነገር ሩቅ ያያል?»

«በጣም።»

«ጨለማ ውስጥስ?»

«ጨለማማ ነፍሱ ነው።»

«ማነው የላከልህ?»

ሚሊዮን ጓደኛውን መዘዝ ውስጥ ላለመክተት «አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች» አለ።

ዳሂር መነጽሩን አወለቀ። ሳይሰናበትም ወረደ።

«አለቀልኝ!» አለ ሚሊዮን። የደህንነት ሰው ነው፤ በቃ። ቴሌስኮፑን ይወስዱታል፤ ምናልባት እሱንም ጭምር።

ቬስታ በዚያ ሰዓት የምትታየው በምሥራቅ ነው፤ በዚያ በኩል ግን የወታደር ካምፕ አለ። ተዋት። በምዕራብ ያለች ሌላ አሰበ፤ እዚያ ደግሞ የካራማራ ተራራ አንቴና ቆሟል። በደቡብ የባለሥልጣን ቪላ። አስትሮይድን በድምቀቱ ሳይሆን ከሥሩ ባለው ግቢ የሚመርጥ ሰው በዓለም ላይ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በመጨረሻ ልክ ከአናቱ በላይ የምታልፍ ደብዛዛ ድንጋይ መረጠ። ከሥሯ ያለው ራሱ ሚሊዮን ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም ጠቃሚ ቦታ አይለውም። አንገቱ ጠመመ። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ጣሪያ ጣሪያ እያየ ሆነ።

ዳሂር አልተወውም። በየማታው ሐልዋ ይዞ ይመጣል።

«ዛሬስ ወዴት ነው?»

«ወደ ላይ።»

«ወደ ጎን አይዞርም?»

«ኧረ በፍጹም!»

«እስከ ስንት ሰዓት ትቆያለህ?»

ሚሊዮን ሐልዋውን እየዋጠ እንደ ተከሳሽ ይመልሳል። ዕቃ ጠቅልሎ ባቢሌ ወዳለችው እህቱ ሊሸሽም አስቦ ነበር። ግን ድንጋዪቱስ?

አንድ ምሽት ዓይኑን ቴሌስኮፑ ላይ ቢያሳርፍ ነጥቧ ቦታዋን ለቃለች። እሷ ናት! ፍርሃቱን ሁሉ ረስቶ፣ እንባው እየወረደ «አየሁ! በዓይኔ አየሁ!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ሰፈሩን አዳረሰው።

ዳሂር መሰላሉን እየሮጠ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሚሊዮን ከዚህ በላይ አልቻለም፤ ቴሌስኮፑን ከነእግሩ አንስቶ ዘረጋለት።

«ውሰደው፣ ጌታዬ። እኔ አንዴ አይቻታለሁ፤ ከእንግዲህ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

ዳሂር እግሩ ሥር ተደፋ፤ «ወላሂ መምህር፣ ከቶጎጫሌ ድንበር በድብቅ ያስገባሁትን ዕቃ በሙሉ ዛሬውኑ እመልሳለሁ፤ ለአለቆችህ ብቻ እንዳትነግርብኝ!»