ከድሮ ፊርማው ሥር

ልብስ ሰፊዋ ማመልከቻውን የውሃ ሚኒስትሩ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። የዛሬ አስራ አንድ ዓመት፣ ሚኒስትሩ ራሱ የሰፈራቸው ምክር ቤት አባል ሳለ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደግፎ «ውሃ ይግባልን» ብሎ በገዛ እጁ ጽፎ የፈረመላቸው ነው። ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት ጠርዙ ሁሉ በማኅተምና በ«ይመራ» ተሞልቷል።

«እትዬ፣ የኔ ጽሑፍ እኮ ነው» ብሎ ሳቀ።

«ያኔማ ባልዲ ሁሉ ትሸከምልን ነበር» አለችው። «በል እንግዲህ፣ ዞሮ ዞሮ ራስህ እጅ ገባ።»

ሳቁ ጠፋ። እስክሪብቶውን ሲያነሳ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። የሚጽፍበት ባዶ ቦታ አጥቶ ወረቀቱን አገላበጠው፤ በመጨረሻ ከድሮ ፊርማው ሥር አንዲት ጠባብ ቦታ አገኘና ቀስ ብሎ ጻፈባት፦ «ለሰፈሩ ምክር ቤት ይመራ።»