ጣት የሚያስቆጥር ቃል

ጋዜጠኛው እንደ «ያው» የሚጠላው ቃል አልነበረም። ኳስ ተጫዋች ባነጋገረ ቁጥር ለእያንዳንዱ «ያው» እና ለእያንዳንዱ «እንደሚታወቀው» የግራ እጁን ጣቶች አንድ በአንድ ያጥፋል። ተጫዋቾቹም ነቅተውበት ይሳሳቁበታል።

ያን ዕለት በረኛው ፍሬው አራት ጎል ገብቶበት ሲወጣ ከሜዳው ጠርዝ ያዘው። ሥርጭቱ የቀጥታ ነው። ከካሜራው ጀርባ የክለቡ ፕሬዚዳንት እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል፤ የቴሌቪዥን ጣቢያውም የእሳቸው ነው።

«ጨዋታውን እንዴት አገኘኸው?»

«ያው እንግዲህ፣ እንደሚታወቀው ኳስ ነው፤ ያው ማሸነፍም ያው መሸነፍም ያለ ነው፤ በቃ ያው…»

አምስቱም ጣት ታጠፈ፤ ትዕግሥቱም አብሮ አለቀ።

«ፍሬው፣ በእናትህ! አንድም ‹ያው› ሳትል እቅጩን ንገረኝ። አራተኛው ጎል በእግርህ መሀል እንዴት ሾለከ?»

በረኛው ላቡን ጠረገ። «እቅጩን?»

«እቅጩን!»

«እንድለቀው ታዝዤ ነው የለቀቅኩት።»

ጋዜጠኛው ምነው ባልጠየቅኩ አለ በሆዱ። ፕሬዚዳንቱ ያጣመሩትን እጅ ፈትተው አንድ እርምጃ ቀረቡ። የካሜራው ቀይ መብራት አልጠፋም፤ በጆሮ ማዳመጫው «ቁረጠው» የሚለውም ሰው የለም።

«ቀጥል እንጂ ጋሼ» አለ በረኛው። «ማን አዘዘህ አትለኝም?»

ጋዜጠኛው ማይክሮፎኑን ወደ ራሱ መልሶ ወደ ካሜራው ዞረ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ያው እንግዲህ…» አለ፤ «እንደሚታወቀው…»

በረኛው የግራ እጁን ጓንት ቀስ ብሎ አወለቀና ጣቶቹን ማጠፍ ጀመረ።