ሽታው የኒቃቡ ነው

«ይሄ ምንድን ነው?»

ዙቤዳ የባሏን መፋቂያ ከመታጠቢያው ጠርዝ ላይ አንስታ አፍንጫው ሥር ደቀነችበት።

ጫፉ ቀልቷል።

«ደም ነዋ» አለ ኑሩ፣ ቁርሱን ሳያቋርጥ።

«ደም መሆኑንማ አየሁት። ለምን ሐኪም ቤት አትሄድም ነው የምልህ።»

«እንጨቱ ጠንካራ ሆኖ ነው። ኸላስ፣ በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልፍቅም።»

ጉድ እኮ ነው… ደማ ብሎ ጭራሽ ማጽዳቱን ተወው።

ሪያድ፣ ፉጣ ሰፈር፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። እሱ ሱለይማኒያ ሰፈር ላለ አንድ ቤተሰብ ሾፌር ነው። እሷ የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ የተስተካከለ ነው፣ የጤና መድንም አላቸው።

ላለመታከም ያለው ሰበብ የኑሩ ድርቅና ብቻ ነው… ዙቤዳን ብትጠይቋት።

አክስቷ ሰዓዲያ ገና በጎልማሳነቷ ጥርሷ አልቆ፣ ሥጋ ሲቀርብ መረቁን ብቻ ስትጠጣ እያየች ነው ያደገችው። ያ ነገር በገዛ ቤቷ እንዲደገም አትፈልግም።

ስለዚህ ትጨቀጭቀዋለች። ሲነሳም፣ ሲገባም፣ ሲተኛም።

እሱ «ኢንሻአላህ» ይላል።

የኑሩ ኢንሻአላህ ምን ማለት እንደሆነ ባል ያላት ሁሉ ታውቀዋለች…

ይሄ ሳያንሳት የኒቃቡ ጣጣ መጣ።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ኒቃቧን በለበሰች ቁጥር አንድ መጥፎ ሽታ አፍንጫዋ ላይ ይቀመጣል።

ሳሙና ቀየረች… ሸተተ።

ሽቶ ነፋችበት… ይባስ ብሎ ድብልቅ ሸተተ።

አዲስ ገዛች… ከሰዓት በኋላ ላይ እሱም ሸተተ።

«የዘንድሮ ጨርቅ እኮ ጨርቅ አይደለም» ብላ ለሥራ ባልደረባዋ ለፊርደውስ አማረረች።

ፊርደውስ ራሷን ነቀነቀች እንጂ ምንም አላለችም።

ረመዳን ላይ ኑሩ ፈራ ተባ እያለ፣ «ዙቤዳዬ፣ ድድሽን ያምሻል እንዴ? አፍሽ ላይ የሆነ ነገር ያለ መሰለኝ» ብሏት ነበር።

«የጾመኛ አፍ ምን ምን እንዲል ፈለግህ?» አለችው። ከዚያ እስኪታረቁ ድረስ ማፍጠሪያውን ያለ ወሬ በሉ።

ረመዳን አለፈ። ዒዱም አለፈ።

ሽታው ግን አላለፈም።

አንድ ምሽት ራት ላይ ኑሩ እጁን ከምግቡ ሰብስቦ ያያት ጀመር። ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረች በቀኝ በኩል ታኝካለች።

«ምን ታፈጥብኛለህ?»

«ምንም። እሺ፣ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።»

ዙቤዳ ጆሮዋን ማመን አቃታት።

«ግን አንቺ ካልመጣሽ አልሄድም።»

«ሕፃን ነህ እንዴ እጅህን ይዤ የምወስድህ?»

«አዎ፣ እንደዚያ ቁጠሪው።»

ሄዱ።

የጥርስ ሐኪሟ ሶሪያዊት ናት። ኑሩን ወንበሩ ላይ አስተኝታ አፉን ስታይ፣ ዙቤዳ አጠገባቸው ቆማ ክሷን በዓረብኛ ታሰማለች።

«ዶክቶራ፣ ንገሪው። እኔን አይሰማኝም። ደም ይተፋል፣ መፋቅም ትቷል።»

«ድድህ ተቆጥቷል» አለችው ሐኪሟ። «ገና ጅምሩ ላይ ነው። እናጥበዋለን። አንተም ደማ ብለህ ማጽዳትህን አትተው፣ ቀስ ብለህ አጽዳ። ይመለሳል።»

ዙቤዳ ክስ የረታች መሰለች።

ኑሩ ከወንበሩ ተነሳ። ወደ በሩ ግን አልሄደም።

«ያላ፣ አሁን አንቺ» አለቻት ሐኪሟ።

«እኔ?»

«ባልሽ እኮ ቀጠሮ ያስያዘው ለሁለታችሁ ነው።»

ዙቤዳ ወደ ባሏ ዞረች። «ምን ብለህ ነው?»

ኑሩ መሬት መሬት እያየ መለሰላት።

«በግራ በኩል ማኘክ ከተውሽ ቆየሽ። ዳቦ ሳትነክሪ አትበይም። ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጪ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ። ኒቃብሽን ደግሞ በማጠብ ልትጨርሺው ነው። ስነግርሽ ትቆጫለሽ። የኔን ደም ግን አንድም ቀን አታልፊውም… ስለዚህ በኔ አመካኝቼ አመጣሁሽ።»



ዙቤዳ ኒቃቧን ገልጣ ወንበሩ ላይ ወጣች።

ሐኪሟ ነካካች፣ አየች፣ ደግማ ነካካች። ከግራ መንጋጋዎቿ አንዱ ላይ ስትደርስ ጥርሱ ተነቃነቀ።

«አያምሽም?»

«አያመኝም። ቢያመኝማ እመጣ ነበር።»

«ችግሩም እሱ ነው። የድድ በሽታ ብዙ ጊዜ ሳያም ነው ውስጥ ውስጡን አጥንቱን የሚበላው። ሽታውም ከዚያ ነው። ይሄኛው ጥርስ መውጣት አለበት። ሌሎቹን ግን ክትትል ካደረግሽ ልናተርፋቸው እንችላለን።»

ዙቤዳ ጣሪያውን አየች።

«ረመዳን ላይ መጥቼ ቢሆንስ ኖሮ?» አለች ቀስ ብላ።

«ምናልባት ይተርፍ ነበር።»

ኑሩ «ብዬሽ ነበር» ለማለት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም ነበር… አላለውም።

ቤት ሲገቡ ዙቤዳ ጥጥ ነክሳለች፣ መናገር አትችልም። ገመዱ ላይ ከተሰጡት ኒቃቦች አንዱን አውርዳ አሸተተችው።

ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው። ንጹሕ ነው።

ፊቷን ሸፍናበት አለቀሰች።

እንግዲህ ወገን… ምን ልበላችሁ?

የሌላው ሰው ደም ከሩቅ ይታየናል፣ የራሳችንን አፍ ሽታ ግን በጨርቅ እናመካኛለን። ስትፍቁ ወይም ስትቦርሹ ከደማ፣ ድዳችሁ ካበጠ፣ የማይለቅ ሽታ ከመጣ፣ ጥርሳችሁ የረዘመ ከመሰላችሁ፣ ቀዝቃዛ ከጠዘጠዛችሁ… እስኪያም አትጠብቁ። ሲያም ምናልባት ረፍዷል። ይሄን ደግሞ ደፍሮ የሚነግራችሁን ሰው አታኩርፉት፣ ለመናገር ስንት ጊዜ ምራቁን እንደዋጠ አታውቁም።

እስቲ እውነቱን ጻፉልኝ… እናንተ ከፊርደውስና ከኑሩ የትኛውን ትመስላላችሁ? የምትወዱት ሰው አፉ ቢሸት ትነግሩታላችሁ ወይስ ራሳችሁን ነቅንቃችሁ ታልፋላችሁ?