መውጫ ሰዓት

አባባ አልጋው ሥር ተንበርክኮ ጫማውን ይፈልጋል። አንዱን አግኝቶ በብብቱ ይዞታል።

«ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ነው» አለ፣ ድምፁ ከአልጋው ሥር ታፍኖ። «ልጄ ከትምህርት ቤት ልትወጣ ነው። በር ላይ ብቻዋን ትቆማለች።»

«አባባ፣ እኔ እኮ ነኝ ልጅህ። ይኸው አጠገብህ ነኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በዚህ መጦሪያ ቤት ካሉት ሁሉ ትንሹ እሱ ነው፣ ፀጉሩ እንኳ ገና በቅጡ አልሸበተም። እንዳያስቀይመኝ ተጠንቅቆ ፈገግ አለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ፣» አለኝ፣ «መቼም እርስዎም የልጅ እናት ይመስሉኛል። ልጅ ሲጠብቅ አንዷ ደቂቃ ዓመት እንደምትሆንበት ያውቃሉ።»

አባቴ አንቱ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር።

እማዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የምትሠራውን ዳንቴል ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «አትከራከሪው» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በዚህ ሰዓት ሁሌም እንዲህ ነው። አንቺ እሁድ ጠዋት ብቻ ስለምትመጪ አላየሽውም። እኔን ራሴን እትዬ ነው የሚለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ‹እትዬ፣ ቤተሰብ አይጠብቅዎትም?› ብሎ ይሸኘኛል።» ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

በሩ ተከፈተና ነርሷ ገባች። በያዘችው ትሪ ላይ መርፌ አለ። ትናንት አጥር ልዝለል ብሎ ወድቆ ክርኑ ስለተላጠ፣ ሐኪሙ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሰዓት ማስታገሻ ይወጋ ብሏል።

«እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም፣ እህቴ» አለችኝ። «ከተወጋ እስከ ነገ ጠዋት ይተኛል። ቢያንስ ወድቆ አይሰበርም።»

አባባ ሁለተኛውን ጫማ አገኘ። መርፌውን ሲያይ ግን ጫማዎቹን ደረቱ ላይ አቅፎ ከግድግዳው ተለጠፈ። «እባክሽ፣ ልጄን ላምጣትና ከዚያ ያሻሽን ታደርጊኛለሽ» አላት።

የአውቶቡስ መካኒክ ነበር። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ላይ አንድ ቀን የፈታውን ፍሬን መልሶ መግጠም ጠፋው፤ የመርሳት ሕመሙን ያወቅነው ያኔ ነው። ትንሽ ሳለሁ ከሁሉም ልጆች መጨረሻ የምወሰደው እኔ ነበርኩ። እሱ ከጋራዥ እስኪወጣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ወንበሩን ይለቅልኛል። ከዚያ አባባ ከመንገዱ ጥግ ብቅ ይላል፣ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ፣ እየሮጠ። እጁን በሳሙና ፈትጎ ፈትጎ ቢታጠብም የግራሶው ሽታ አይለቀውም፤ የአባት ሁሉ ሽታ እሱ ይመስለኝ ነበር። ስላስጠበቀኝ በየቀኑ ይቅርታ ይጠይቀኛል። እኔ ግን መጠበቁን እወደው ነበር። እንደሚመጣ አውቃለሁና።

«አሥር ደቂቃ ስጪኝ» አልኳት ነርሷን። ወደ እማዬ ዞርኩ። «የጫማውን ክር እሰሪለት። ቀስ እያልሽ።»

ቦርሳዬን አንስቼ በጓሮ በር ወጣሁ። ሊደርቁ በተሰጡት አንሶላዎች ሥር ጎንበስ ብዬ አለፍኩ፤ ወጥ ቤቱን ዞሬ በጠጠሩ መንገድ ሮጥኩ። የግቢው ዘበኛ ከጋዜጣው ቀና ብሎ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«ምንም። አባቴን እየጠበቅኩ ነው።»

ከብረት በሩ አጠገብ ቆምኩ። ሠላሳ ሊሞላኝ ነው፤ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ባያውቀኝስ? አልፎኝ ወደ መንገዱ ቢወጣስ? ያኔ መርፌው አይቀርለትም።

መጣ። ከበረንዳው ወርዶ በሩጫና በርምጃ መሃል ሆኖ መጣ፤ እማዬና ነርሷ ከኋላው ይከተላሉ። ሲያየኝ ቆመ። ጫማዬን አየ፣ ፀጉሬን አየ። ጠበቅኩ።

«ድንቢጤ» አለ። «አስጠበቅኩሽ፣ አይደል?»

በዚያ ስም ከጠራኝ ሦስት ዓመት አልፎታል። «ኧረ አይ» አልኩ እንደምንም። «አሁን ገና መውጣቴ ነው።»

«ውሸታም!» ሳቀ። ቦርሳዬን ከትከሻዬ አውርዶ በራሱ ትከሻ አንጠለጠለው። «ምን ጭነውሽ ነው እነዚህ ሰዎች? ድንጋይ ነው እንዴ የሚያስተምሯችሁ?»

እማዬ ደርሳ አጠገባችን ቆማለች። ነርሷ ራቅ ብላ ትሪውን ከጀርባዋ ደብቃለች። አባባ እማዬን ሲያይ ደረቱን ነፋ አደረገ።

«እትዬ፣ ይቺውልዎት ልጄ! ነግሬዎት የለም?»

እማዬ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳታጓድል ተመላልሳለች። እጇን ዘረጋችልኝና እንደ እንግዳ ተጨባበጥን።

«እሰይ፣ ታድለው» አለችው። «እንዴት ደስ ትላለች። በማን ወጣች?»

አባባ አገጬን ይዞ ፊቴን ወደ ፀሐዩ አዞረው። ጊዜ ወስዶ አየኝ።

«ቁርጥ እናቷን» አለ። «እናቷን ባዩልኝ፣ እትዬ! እንዴት ያለች ቆንጆ መሰለችዎት።»

እማዬ እጄን አልለቀቀችም። በሌላው እጇ ግንባሯ ላይ የወረደውን ፀጉር ቀስ ብላ ወደ ኋላ መለሰች።